ምን ላይ ነበር የተኛው?

ሬሳውን በቃሬዛ ተሸክመው ሲመጡ የሐኪም ቤቱን በረንዳ እያጠብኩ ነበር። ከቸሃ የሚወርደው መንገድ ከበረንዳው ላይ ሆኖ ለሚያይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መጀመሪያ ያየሁት አቧራውን ነው፤ ቀጥሎ ቃሬዛውን፤ ከቃሬዛው ኋላ ደግሞ እጆቹ የፊጥኝ የታሰሩ ረጅም ሰው። ፊቱ ሳይለይ አረማመዱን ለየሁት። ቀኝ እግሩን ሲያነሳ ትንሽ ወደ ውጭ ይጥለዋል። ታላቅ ወንድሜ ነበር።

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት፤ ተንሸራቶ ወደቀ። አንስቼ እንደገና አስደገፍኩት፤ እንደገና ወደቀ። ሰዎቹ ግቢው ውስጥ እስኪገቡ ድረስ ከዚያ መጥረጊያ ጋር ስታገል ነበር። እጄ ሌላ ምን እንደሚሠራ ጠፍቶበታል።

ዘመኑ የንጉሡ ነው። ሥዕላቸው ከሐኪሙ ጠረጴዛ በላይ ተሰቅሏል፤ የመጨረሻ ዓመቶቻቸው መሆናቸውን ማናችንም አናውቅም። እኔ ወልቂጤ ውስጥ በጽዳት ሠራተኝነት ተቀጥሬ፣ ከገጠር የሚመጡ ብዙ በሽተኞች አማርኛ ስለማይሰሙ አስተርጓሚም ሆኜ እሠራ ነበር። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ወንድሜ ከገበያ ስኳር ተጠቅልሎበት ከሚያመጣው የጋዜጣ ቁራጭ ላይ ነው። እሱ ማንበብ አይችልም። ግን ወረቀቱን ሳይቀድ ፈትቶ፣ ጉልበቱ ላይ በመዳፉ አስተካክሎ፣ «እንካ፣ ምን ይላል?» ይለኝ ነበር። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ያሳደገኝ እሱ ነው።

ቃሬዛው ላይ ያለው አማቻችን ነበር፤ የወንድሜ ሚስት ወንድም። አገሩ በጉንችሬ በኩል ነው፤ የዓመቱን ግማሽ ግን ጊቤ ቆላ ወርዶ ሲያርስ ያሳልፋል። ጠይም፣ ሳቂታ፣ ነገር ቶሎ የሚገባው፣ ቶሎም የሚከፋው ሰው ነበር።

ሬሳውንም ወንድሜንም ያመጣው አሥር አለቃ የቡታጅራ ሰው ነው፤ ሲገባም ሲወጣም ሰላምታው የማይቋረጥ፣ ከዛፍ ጋር እንኳ የሚቀልድ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ዶክተር» አለ።

«ዶክተር አይደለሁም ብዬሃለሁ» አለው ሐኪሙ። ሁልጊዜ እንዲህ ነበር የሚባባሉት። ሐኪሙ ከሰሜን የመጣ ወጣት የጤና መኮንን ነው፤ አገሩን ከለመደ ገና ብዙ አልሆነውም።

«እሺ፣ ዶክተር። ይሄ ሟች ትናንት በዚህ በታሰረው ሰውዬ ቤት እንግዳ ሆኖ ገባ። ዛሬ ጠዋት ዘመዶቹ ተጠርተው ሲመጡ ሞቷል። ሊያጥቡት ሲገለብጡት ጀርባው ሰንበር በሰንበር ነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጉንችሬ ገበያ መሃል፣ አገር እየሰማ፣ ይሄኛው ለዚያኛው ምን አለው? ‹ይህን ዱላ ጀርባህ ላይ ካልሰበርኩት ከአባቴ አልተወለድኩም!› እንግዲህ ምን ቀረ?»

ያ ጠብ እውነት ነበር። አማቻችን በገበያው መሃል «እህቴን ከአራስ ቤት ሳትወጣ እንሰት ታስፍቃታለህ» ብሎ ወንድሜን አዋርዶታል። ወንድሜም ዱላውን አንስቶ ያንን ቃል ተናግሯል። ከዚያ በኋላ አማቻችን ወደ ወንድሜ ቤት የሄደው ለእርቅ እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ግን ዛቻውን የሰማው ገበያ ሙሉ ሰው ነው፤ ለእርቅ መሄዱን የሚያውቀው የወንድሜ ቤት ብቻ።

በዚያ ዘመን የገደለ ይሰቀላል። ወጣት ሆኜ በአንድ የገበያ ቀን ሰው ዛፍ ላይ ሲሰቀል አይቻለሁ። ከዛፉ ሥር ሽንኩርት ትሸጥ የነበረች ሴት ዕቃዋን ሰብስባ ጥቂት ራቅ አለችና መልሳ ዘረጋች። ሰውየውን ሳይሆን የእግሮቹን ጣቶች ነበር ያየሁት፤ ወደ ታች ተዘርግተው መሬት የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር። አሥር አለቃው «እንግዲህ ምን ቀረ?» ሲል ዓይኔ ሳላዘው ወደ ወንድሜ እግሮች ሄደ። ባዶ እግሩን ነው ያመጡት።

ወደ ሐኪሙ ቀረብኩ።

«ጌታዬ፣ የታሰረው ወንድሜ ነው።»

ዓይኑን ከሬሳው አንስቶ አየኝ። «የእናትህ ልጅ?»

«የእናቴም የአባቴም።»

«ሌላ የሚያስተረጉም ሰው አለ?» ብሎ ወደ አሥር አለቃው ዞረ።

«እኔ መስማቱን እሰማለሁ» አለ አሥር አለቃው። «መናገሩ ላይ ነው ችግሩ። የኛ የመስቃኑ እንደ ማር ይፈሳል፤ የነሱ የቸሃው ግን ወላሂ ጉሮሮዬ ላይ እንደ አጥንት ነው የሚሰነቀረው።»

ሐኪሙ አልሳቀም። ጥቂት አሰበና፣ «እንግዲያው አንተ ትተረጉማለህ፤ እሱ ያዳምጥሃል» አለኝ። «የሚሉትን ብቻ። ቃል በቃል።»

«ከራስህ አንዲት ቃል ብትጨምር» አለ አሥር አለቃው እየሳቀ፣ «ገመዱ ለሁለት ይበቃል።»

ሬሳ የሚታየው ከሐኪም ቤቱ ጀርባ ባለ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። በግድግዳው አንድ ወገን ሰፊ መስኮት ስለተከፈተለት ቀኑን ሙሉ ብርሃን አለው። አማቻችንን በሆዱ አስተኙት። ሐኪሙ አንሶላውን ገለጠ።

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የሰማሁት ሁሉ ሐሰት እንደሚሆን ተስፋ አድርጌ ነበር። ሐሰት አልነበረም። ከትከሻው እስከ ወገቡ ድረስ ጀርባውን አግድም የሚያቋርጡ መስመሮች ነበሩበት። አንዱ የበሰለ እንጆሪ የመሰለ ወይን ጠጅ፣ ቀጥሎ ነጭ፣ ቀጥሎ ወይን ጠጅ፣ ቀጥሎ ነጭ። ነጩ ሰፊ ነው፤ ወደ ጥቁር የሚያደላው ወይን ጠጅ ጠበብ ያለ። ዳርና ዳሩ በቀለም የተሰመረ ያህል የጠራ ነበር። የነጩን ስፋት የሆነ ቦታ አይቼዋለሁ፣ በእጄም ይዤዋለሁ አልኩ በልቤ። የት እንደሆነ ግን ሊመጣልኝ አልቻለም። ፍርሃት የሚያውቁትን ነገር ሁሉ ከፊት ይጋርዳል። የታየኝ የወንድሜ ዱላ ብቻ ነበር፤ እሱም ስፋቱ እንደዚያው ነው።

ሐኪሙ በማስመሪያ እየለካ ለራሱ ይናገራል። እኔና አሥር አለቃው ሰማነው።

«ዱላ ሰውነት ላይ ሲያርፍ ደሙን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይገፋዋል። ሁለት ጥቁር መስመር ይተዋል፤ መሃሉ ነጭ ይሆናል። መጽሐፉ እንዲህ ይላል።» ማስመሪያውን አስቀመጠ። «ይሄም እንዲሁ ነው።»

የመስኮቱን ደፍ ያዝኩ።

ሐኪሙ ግን እዚያ አላቆመም። አውራ ጣቱን በአንዱ ጥቁር መስመር ላይ አድርጎ በኃይል ተጫነ፤ ቆይቶ አነሳው። የጣቱ ቦታ ትንሽ ገርጥቶ ታየ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ጠቆረ። እንደገና ሌላ ቦታ ተጫነ። ፊቱ ተለወጠ።

«የተመታ ቦታ በጣት ሲጫኑት አይገረጣም» አለ። «ሰው ሲሞት ደሙ መሮጡን ትቶ እንደ ማንኛውም ውሃ ወደ ታች ይወርዳል። በጀርባው የተኛ እንደሆነ ጀርባው ይጠቁራል። ግን እንዲህ በመስመር አይጠቁርም። የተኛበት ነገር ካልሠራው በቀር።» ወደ እኔ ዞረ። «ወንድምህን ጥራውና ጠይቀው። ምን ላይ ነበር የተኛው?»

ወንድሜን አስገቡት። ሬሳውን አላየም፤ መሬቱን ነበር የሚያየው። ጥያቄውን በቋንቋችን ጠየቅኩት። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር።

«ጅባ ላይ» አለ።

«ጅባ ላይ ይላል» ብዬ ተረጎምኩ። ጅባ ከደረቀ እንሰት የሚሠራ ምንጣፍ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ አዲሱ ይዘረጋለታል።

«በደንብ ጠይቀው። ሌላ ነገር ከሥሩ አልነበረም?»

ጠየቅኩት። ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝ። ያን አስተያየቱን ዛሬም አልረሳሁትም፤ ለምን እንደዚህ ትጠይቀኛለህ፣ ሰው ፊት ለምን ታዋርደኛለህ የሚል ነበር።

«አማቼ ነው» አለ። «እንግዳዬ ነው። አዲስ ጅባ ላይ ነው ያስተኛሁት።»

ጅባውን ከቃሬዛው ላይ አመጡት፤ ሬሳው የመጣው በእሱ ተጠቅልሎ ነበር። ሐኪሙ ከጀርባው አጠገብ ዘረጋው። ሥራው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ቢያትም እንኳ የሚያትመው እንደ ሰፌድ ጥቃቅን ነገር ነው እንጂ እንዲያ ያለ ሰፊ መስመር አይደለም። ሕፃንም ቢሆን ያየዋል። ሐኪሙ ጅባውን አጥፎ መለሰና፣ «ይዋሻል» አለ። በቁጣ አልነበረም። ድካም ነበረበት፤ እኔን ያስፈራኝም ያ ነው።

አሥር አለቃው ወንድሜን ሊያወጣው ሲይዘው ቀልዱን ትቶ ነበር። «ያልሠራ ሰው ምን ያስዋሸዋል?» አለኝ በጆሮዬ።

እኔም ያንኑ ነበር የማስበው። ያሳደገኝ ሰው፣ ያንን ወረቀት በመዳፉ የሚያስተካክለው ሰው፣ ገድሎ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ሌላው ፍርሃት ሁሉ ከዚህ በኋላ ትንሽ ሆነብኝ።

ሐኪሙ አንድ ነገር ቀረኝ አለ። ጥቁሩን መስመር በቢላዋ ቀዶ ውስጡን ማየት። ግቢው ውስጥ የተቀመጡት የሟቹ ዘመዶች ግን አንቀበልም አሉ። ሽማግሌያቸው ዱላውን መሬት ላይ እየመታ፣ «ሬሳችንን እንዳለ ስጡን፤ ያኛውን ደግሞ እንዳለ ስቀሉት» አለ። ቃል በቃል ተረጎምኩ። የገዛ ወንድሜን ስቀሉት የምለው እኔ ነበርኩ፤ በአማርኛ፣ ጥርት አድርጌ።

ያን ጊዜ ነው የሟቹ እናት የደረሰችው። ከጉንችሬ በኩል በቅሎ ላይ ተቀምጣ መጣች፤ ከኋላዋ የወንድሜ ሚስት፣ የሟቹ እህት፣ ሕፃኗን አዝላ በእግሯ ትከተላለች። አሮጊቷ ከበቅሎዋ ስትወርድ ማንም ሊደግፋት አልደፈረም። ቀጥ ብላ ወደ ቆርቆሮው ቤት ሄደች። አሥር አለቃው በሩ ላይ እጁን ዘርግቶ፣ «እናቴ፣ አይቻልም» አላት። እጁን እንደ ቁጥቋጦ ገፋ አድርጋው ገባች። ልጇ ተከተለቻት።

ሐኪሙ አንሶላውን ሊስብ ሲል ቀደመችው። ገለጠችው። አላለቀሰችም። መዳፏን በልጇ ጀርባ ላይ አድርጋ ከትከሻው ወደ ወገቡ ቀስ ብላ አወረደችው፤ ጣቷ ጥቁሩን እየዘለለ በነጩ ላይ ያርፍ ነበር። ከዚያ ወደ ሴት ልጇ ዞረች።

«አንቺ!» አለች። «ወንድምሽን መሬት ላይ ጣልሽው? በኮባ ዘንግ ላይ?»

ኮባ የእንሰቱ ቅጠል ነው። ቅጠሉ ሲገፈፍ ወፍራም፣ እርጥብ፣ ቀዝቃዛ ዘንግ ይቀራል። ያን ስትል የነጩ መስመር ስፋት በእጄ ውስጥ ገባ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሸከመው የኖርኩት ነገር ነው።

አሮጊቷ አላቆመችም። «ታላቅ ወንድምሽም በወባ ሲቃጠል ዘንግ ላይ ነው የሞተብኝ። ሳጥበው ጀርባው ይኸው ነበር! እኔ ጅባ ስላልነበረኝ ነው። አንቺ ምን አጣሽ? ባል አለሽ፣ ቤት አለሽ! እንግዳ እንደ ውሻ ከቤት ጥግ ይጣላል? አንቺ የጅብ ልጅ!»

«ጅባማ ነበረኝ፣ አዶት» አለች ልጇ። በእኛ ቋንቋ አዶት እናት ማለት ነው። ዕንባዋ አፏ ውስጥ ይገባል። «እሱ ነው እምቢ ያለው። ከቆላ ትኩሳቱን ይዞ ነው የመጣው። ‹ጅባው እሳት ሆነብኝ፣ እርጥብ ነገር ላይ አስተኙኝ› አለ። ኮባ ቆርጬ፣ ቅጠሉን ገፍፌ፣ ዘንጉን ከምድጃው አርቄ ደረደርኩለት። ተመስገን አለኝ። እዚያው ሞተ። ዘመዶቻችን ከመድረሳቸው በፊት አንስተን ጅባው ላይ አደረግነው። አማቹ ቤት መሬት ላይ ሞተ እንዳይባል።»

«ምን አሉ?» አለ ሐኪሙ። «ምንድን ነው ያለችው? ቃል በቃል!»

ተረጎምኩ። ዘንጉን፣ ትኩሳቱን፣ መሬቱን፣ ከዚያ ወደ ጅባው መመለሱን። ስጨርስ ሐኪሙ ወደ አሥር አለቃው አየ።

«እውነቱን ነው» አለ አሥር አለቃው። «ስድቡን ብቻ ዘሎታል። ወላሂ ዋናው እሱ ነበር።»

ሐኪሙ ሰው ልኮ ከአጥር ጥግ ኮባ አስቆረጠ። ዘንጎቹን በጀርባው ነጭ መስመሮች ላይ አንድ በአንድ አጋደማቸው። እያንዳንዱ ወደ ቤቱ እንደሚገባ ሰው ገጠመ። ያን ጊዜ ነበር የገባኝ፦ የነካው ነጩ ነው። ጥቁሩ ምንም ያልነካው ቦታ ነው። እኛ ሁላችን ጥቁሩን እያየን መቺውን ስንፈልግ ነበር።

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። «ይሄ ይመስላል ማለት ነው እንጂ ነው ማለት አይደለም» አለ ሐኪሙ። «ዳኛ ፊት ‹ይመስላል› ይዤ አልቆምም። ከዘንጉ ሥር የዱላ ምት ቢኖርስ? መቅደድ አለብኝ። እናትየዋን ጠይቃት።»

የሟቹን እናት፣ ልጅሽ ይቀደድ ወይ ብዬ የምጠይቅ እኔ ነኝ። ፊቷ ቆሜ ጠየቅኩ። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«አማርኛውን አሳምረኸዋል» አለች። «የማን ልጅ ነህ?»

መዋሸት አያዋጣኝም ነበር። አሥር አለቃው እየሰማ ነው፤ ልጇም ታውቀኛለች። ግን ከዚያም በላይ፣ የዚያች ሴት ዓይን ሥር ቆሞ ውሸት ማሰብ አይቻልም።

«የታሰረው ሰው ወንድም ነኝ» አልኳት።

የቆርቆሮው ጣሪያ በፀሐይ ሲንጣጣ ይሰማል። ሕፃኗ በእናቷ ጀርባ ላይ ሆና ጣቷን ትጠባለች። አሮጊቷ ወደ ልጇ ሬሳ ዞረች፤ ደረቱ ሥር የወደቀውን እጁን አወጣችና ከጎኑ አስተካክላ አስቀመጠችው።

«ይቅደደው» አለች። «ከውስጡ ዱላ ከወጣ ወንድምህን በእጄ ነው የማንቀው። ካልወጣ ልጄን ይዤ እሄዳለሁ። ንገረው።»

ነገርኩት።

ሐኪሙ ቢላዋውን ሲያነሳ ጎድጓዳውን ሳህንና ማንቆርቆሪያውን ላቀብል እጄን ዘረጋሁ፤ ሥራዬ ነውና። «አንተ አትንካ» አለኝ። «በኋላ ወንድሙ አጠበው ይላሉ።» አሥር አለቃው ውሃውን ያዘ። እኔ ከግድግዳው ጋር ተጣብቄ ቆምኩ።

«የተመታ ከሆነ» አለ ሐኪሙ ለሁሉም እንዲሰማ፣ «ደሙ ሥጋው ውስጥ ገብቶ ረግቷል፤ ውሃ አያጥበውም። ወደ ታች የወረደ ደም ከሆነ ግን ገና የደም ሥሩ ውስጥ ነው። ይታጠባል። ተርጉምላት።»

ተረጎምኩላት። ከዚያ ጥቁሩን መስመር አቋርጦ ቀደደ። ጥቁር ደም ብቅ አለ፤ የተቀደደውን ቦታ ሞላው። ያን ሳይ ዓይኔን ልጨፍን ፈለግኩ፤ አልቻልኩም። «አፍስስ» አለ። አሥር አለቃው አፈሰሰ። ውሃው ቀላ። ደሙ አሁንም አለ። «አፍስስ።» እንደገና አፈሰሰ። የማንቆርቆሪያው አፍ ከሳህኑ ጋር ተጋጨ፤ ለካ እሱም ፈርቷል።

ውሃው ሲወርድ ሥጋው ታየ። ንጹሕ ነበር፤ ከነጩ መስመር ሥር ካለው ሥጋ ጋር አንድ ዓይነት። ሐኪሙ በሌላ ቦታ፣ ደግሞም በሌላ ቦታ ቀደደ። በሁሉም እንዲሁ ሆነ። ሆዱን ከግራ ጎኑ ሲዳስስ ቆይቶ፣ «ጣፊያው እንደ ዳቦ አብጧል» አለ። «ወባ ነው። ይህን ሰው የገደለው የጊቤ ትንኝ ነው።»

አሮጊቷ አስተርጓሚ አላስፈለጋትም፤ ውሃውን አይታለች። አንሶላውን ራሷ ሸፈነችው። ስትወጣ ከአጠገቤ ቆመች።

«ወንድምህን እንዲህ በልልኝ» አለች። «ልጄ መሬት ላይ ስለሞተ አልቀየመውም። ስለዋሸኝ ግን እቀየመዋለሁ። ስለ ክብሩ ብሎ አንገቱን ለገመድ ሊሰጥ ነበር።»

ሬሳውን ይዘው ሲሄዱ ፍርሃቴም አብሮ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። ወንድሜ ግን የሐኪሙ ውጤት ዳኛው ጋ እስኪደርስ ድረስ በእስር ቆየ። ቂጣና ጎመን ይዤ እሄዳለሁ፤ በሩ ላይ ይቀበሉኛል፤ እሱን አያሳዩኝም። አንድ ቀን አሥር አለቃውን በሩ ላይ አገኘሁት። ሰላምታውን ዋጥ አድርጎ፣ ዙሪያውን ቃኝቶ፣ «ከእኔ እጅ ወጥቷል» አለኝ። «የያዙት ሌሎች ናቸው። ወረቀቱ ሳይመጣ ቃሉን ቢሰጥ ነገሩ ቶሎ ያልቃል ይላሉ። ጸልይ እንዳያምን።»

ወደ ሐኪሙ ሮጥኩ። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ሥራ ትቶ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ውጤቱን ራሱ ይዞ ወደ ዳኛው ሄደ። ምን እንደተባባሉ አልነገረኝም። ሲመለስ ጆሮው ቀልቶ ነበር። በማግስቱ ወንድሜ ተፈታ።

ወደ ኪራይ ክፍሌ ወሰድኩት። በመንገድ ላይ ጥቂት ነበር የሚናገረው፤ ስለ ሕፃኗ ጠየቀኝ፣ ስለ ላሚቱ ጠየቀኝ። አሮጊቷ ያለችውን ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ «እውነቷን ነው» አለ። ውሃ አሞቅኩለትና ግቢው ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ፣ ሳህኑን ፊቱ አስቀመጥኩ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ሸሚዙን አወለቀ። ሲያወልቅ ክንዱን ቀስ አድርጎ ነበር የሚያነሳው።

ጀርባው ላይ መስመሮች ነበሩ። ሁለት ጥቁር፣ መሃሉ ነጭ። ሁለት ጥቁር፣ መሃሉ ነጭ።

ሲተኛበት የነበረው ነገር ያተመው ነው አልኩ በልቤ። የእንጨት መደብ ይሆናል፤ የቀርከሃ አልጋ ይሆናል። ሕያው ሰው ላይ እንዲህ ያለ መስመር ብዙ አይቆይም፤ እያየሁት ይጠፋል። ቆሜ ጠበቅኩ። ውሃው በሳህኑ ውስጥ መተኑን አቆመ። መስመሮቹ እንዳሉ ነበሩ። ሐኪሙ እንዳደረገው አውራ ጣቴን በአንዱ ጥቁር መስመር ላይ አድርጌ ቀስ ብዬ ተጫንኩ። ወንድሜ ትንፋሹን ያዘ። ጣቴን አነሳሁ። ቦታው አልገረጣም።

«ምን ላይ ነበር የተኛኸው?» አልኩት።

ዞር አላለም። ውሃውን በሁለት እጁ ዘግኖ ፊቱ ላይ ረጨ።

«ጅባ ላይ» አለኝ።